ትዕግሥት የሚሻ መድኀኒት

በአንዳንድ ቤት እጁን ታጥቦ ከጨረሰ በኋላ ገና ያልነጻ እየመሰለው፥ ቈዳው እስኪቈስል ድረስ ደጋግሞ የሚታጠብ ሰው አለ። በጸሎቱ መካከል አንድ ቃል የዘለለ እየመሰለው ሁልጊዜ ከመጀመሪያው የሚጀምርም አለ። ቤተ ሰቡ ይህን ሲያይ አንዳንዱ ግትርነት ነው ብሎ ይቈጣል፤ አንዳንዱም የትጋት ብዛት ነው ብሎ ያመሰግናል። ሐኪሞች ግን የአስገዳጅ አሳብ ሕመም ይሉታል። ሕመምተኛው አሳቡ ከንቱ መሆኑን ብዙ ጊዜ ራሱ ያውቃል፤ ነገር ግን ሊያባርረው አይችልም። ስለዚህ ተግሣጽ ብቻውን አያድነውም።

ለዚህ ሕመም የሚረዳ መድኀኒት አለ። በአውሮጳ አቈጣጠር በ1960ዎቹ መጨረሻ፥ ለድብርት ይሰጥ የነበረው ክሎሚፕራሚን አስገዳጁን አሳብ እንደሚያቀል እስፓንያዊው ሐኪም ሎፔዝ ኢቦር አስተዋሉ። በአሜሪካ ለዚህ ሕመም የተፈቀደው በ1989 ነው። ፍሉኦክሴቲንና ፍሉቮክሳሚን በ1994፥ ሰርትራሊንም በ1996 ተከተሉት። ክሎሚፕራሚን አፍን ስለሚያደርቅና የልብንም ምት ሊያዛባ ስለሚችል፥ ዛሬ ሐኪሞች ብዙውን ጊዜ ከኋለኞቹ ይጀምራሉ።

ብዙ ቤተ ሰብ የሚሳሳተው በጊዜው ነገር ነው። የራስ ምታት እንክብል በሰዓት ውስጥ ያሳርፋል፤ የዚህ መድኀኒት ጥቅም ግን በሚገባ እስኪታወቅ ከ8 እስከ 12 ሳምንት ያስፈልገዋል። ማቅለሽለሽና የእንቅልፍ መዛባት ቀድመው ይመጣሉ፤ ጥቅሙ ኋላ ይከተላል። በዚህ መካከል «አልጠቀመውም» ብሎ ማስተው፥ ወይም ገና ሲሻለው «ድኗል» ብሎ ማቋረጥ ሕመሙን ሊመልሰው ይችላል። ከተሻለውም በኋላ ሐኪሞች ቢያንስ አንድ ዓመት እንዲቀጥል ይመክራሉ፤ የሚተወውም በሐኪም ትእዛዝ ቀስ በቀስ ነው። በወጣቶች ላይ ደግሞ ራስን የመጉዳት አሳብ ሊነሣ ስለሚችል፥ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነቅቶ መጠበቅ፥ ምልክቱም ከታየ ወዲያው ለሐኪም መንገር ያስፈልጋል። ከመድኀኒቱ ጋራ ሕመምተኛው የሚፈራውን ነገር ጥቂት በጥቂት እየተጋፈጠ መታጠቡን እንዲተው የሚያለማምድ ሕክምና ቢጨመር ይበልጥ ይጠቅማል።

ወደ ጠበል ለመሄድ እንክብሉን መጣል አያስፈልግም። ጾምም ሲደርስ የሚዋጥበትን ሰዓት ከሐኪሙና ከንስሓ አባት ጋራ መክሮ መወሰን እንጂ በገዛ እጅ ማቋረጥ አይገባም።

ስለዚህ ወላጆችንና ባለትዳሮችን አደራ የምንላቸው ይህን ነው፦ መድኀኒቱን የሚያዘው ሐኪም ቢሆንም፥ እነዚያን ረዣዥም ሳምንታት ከሕመምተኛው ጋራ የምታሳልፉት እናንተ ናችሁና፥ አትዘልፉት፤ አትሣቁበት፤ ታገሡለት።