ማርትሬዛ ብርና መምቻ ቤቶቹ

በጀርመን አገር የሚሠራው የአንድ ዩሮ ሳንቲም፥ ንስር በተቀረጸበት ፊቱ አንዲት ትንሽ ፊደል አለችበት። ፊደሏ «ኤ» ብትሆን በበርሊን፥ «ዲ» ብትሆን በሙኒክ፥ «ኤፍ» ብትሆን በሽቱትጋርት፥ «ጂ» ብትሆን በካርልስሩኸ፥ «ጄ» ብትሆን በሐምቡርግ መመታቱን ታመለክታለች። በቀረው ሁሉ፥ በመልክም በክብደትም፥ ሳንቲሞቹ አንድ ናቸው፤ ባለሱቁም ፊደሏን ሳያይ ይቀበላል። የሳንቲሙ ዋጋ የቆመው በሕግ ነውና።

ሕጉ ባይኖርስ? ለዚህ ጥያቄ መልስ የምናገኘው አያት ቅድመ አያቶቻችን ሲገበያዩበት ከኖሩት ከማርትሬዛ ብር ነው።

የኦስትርያ እቴጌ ማሪያ ቴሬዛ የሞቱት እ.ኤ.አ. በ1780 ነው። መልካቸው ያለበት ብር ግን ከዚያም በኋላ፥ ያንኑ 1780 የሚለውን ዓመት እንደያዘ ይመታ ነበር። ክብደቱ 28 ግራም ያህል ሲሆን፥ ከ1000 እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር ነው። የአገራችን ገበያተኛ ይህን መልክ ስለ ለመደ፥ በእቴጌይቱ ትከሻ ላይ ያለውን ጌጥ ፈርጥ እየቆጠረ ይቀበል፥ ጉድለት ያየበትንም ይመልስ ነበር። ዐፄ ምኒልክ ከ1887 ዓ.ም. ጀምሮ በራሳቸው መልክ በፓሪስ ያስመቱት ብር እንኳ ማርትሬዛን ከገበያ ሊያስወጣው አልቻለም።

እንግዲህ ችግሩ እዚህ ላይ ነው። በእኛ ገበያ የሚሠራውን ገንዘብ የሚቈጣጠር የእኛ ሕግ ስላልነበረ፥ የመምቻው ቅርጽ በእጁ የገባ ሁሉ ሊመታው ቻለ። እ.ኤ.አ. በ1935 ፋሺስት ኢጣልያ አገራችንን ለመውረር ስትዘጋጅ፥ ቅርጹን ከኦስትርያ ተቀብላ በሮማ ትመታው ጀመር። በኢትዮጵያ ምድር ስንቅ የሚገዛው፥ አጋሰስ የሚከራየው፥ የሰውም ልብ የሚሸመተው በዚሁ ብር ነበርና። ብሩን ከኢጣልያ እጅ ብቻ መግዛት ያልፈለጉትም ተከተሉ፤ ሎንዶን በ1936 ጀመረች፤ ፓሪስ፥ ብራስልስና ቦምባይም መቱ። ሁሉም ብር 1780 ይላል፤ በሁሉም ላይ ያው የእቴጌይቱ ፊት አለ። ለገበሬው ከወራሪው ካዝና የወጣውም፥ ከነጋዴው ከረጢት የወጣውም አንድ ነበር።

ከነጻነት በኋላ፥ በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ሲታወጅ ነገሩ ተለወጠ። ነገር ግን አዲሶቹም ሳንቲሞች በአገር ውስጥ እንዳልተመቱ ልብ ይሏል። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መልክና አንበሳው ያለባቸው ሳንቲሞች በፊላደልፊያም፥ በሎንዶንም ተመትተዋል፤ 1936 የሚለው ዓመትም፥ ልክ እንደ ማርትሬዛው 1780፥ ለብዙ ዘመን ሳይለወጥ ኖሯል። ልዩነቱ፥ ምን ያህል እንዲመታና በስንት እንዲመነዘር የሚወስነው የኢትዮጵያ ሕግ መሆኑ ነበር።

ስለዚህ አንድ ዓይነት ሳንቲም በብዙ አገር መመታቱ በራሱ ጉዳት የለውም። ሳንቲም በእጃችን ሲገባ አስቀድሞ የሚጠየቀው ጥያቄ፥ ማን አዘዘው? የሚለው ነው።