«አንተ ዳግም ተወልደሃል?»

እሁድ ጠዋት በኒውላንድ የሚያልፍ ሰው መዝሙር ሳይሰማ አያልፍም፤ በኑዌርኛም በአማርኛም። ከአምልኮ በኋላ ሻይ ቤት ቁጭ ሲባል ደግሞ ያቺ ጥያቄ ትመጣለች፤ «አንተ ዳግም ተወልደሃል?» ጓደኛ የምታጣላ ጥያቄ ናት። በአርባ ቀኑ የተጠመቀው ኦርቶዶክስ «ታዲያ እኔ ምንድን ነኝ?» ብሎ ይቆጣል። ጠያቂውም ክፉ አስቦ አይደለም። ሁለቱ በአንድ ቃል ሁለት ነገር እያወሩ ነው።

ቃሉ የመጣው ከዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 3 ነው። ኒቆዲሞስ የሚባል የአይሁድ አለቃ በሌሊት ወደ ኢየሱስ መጥቶ ስለ መወለድ ሲነገረው፣ ያረጀ ሰው እንዴት ወደ እናቱ ማሕፀን ይመለሳል ብሎ ግራ ገባው። የተሰጠው መልስ ከውኃና ከመንፈስ ስለ መወለድ ነበር። በግሪኩ «አኖቴን» የሚለው ቃል «እንደገና» ማለትም «ከላይ» ማለትም ይሆናል፤ ኒቆዲሞስ የያዘው የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

ኦርቶዶክሱ ውኃውን ያስቀድማል። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀኗ ተጠምቀው ልጅነትን ያገኛሉ፤ ጥምቀት አይደገምም፣ ከዚያ በኋላ የሚወድቅ በንስሐ ይነሳል። የዐቢይ ጾም ሰባተኛው እሁድ እንኳ የሚጠራው በኒቆዲሞስ ነው። ለሙሉ ወንጌልና ለቃለ ሕይወት አማኝ ግን ልደቱ ሰው ራሱ አምኖ ጌታን ሲቀበል ነው፤ ጥምቀቱ ምስክር ሆኖ ይከተላል። ስለዚህ ብዙዎቹ ቀኑን ይነግሩሃል። በእኛ አካባቢ ብዙ ምእመን ያላት መካነ ኢየሱስ ደግሞ ሕፃን እያጠመቀች ስለ ግል እምነትም አጥብቃ ትሰብካለች፤ እዚህ ክርክሩ የማያልቀው ለዚህም ይመስለኛል።

ለኑዌር ሽማግሌ ሁለተኛ ልደት እንግዳ ነገር አይደለም። በድሮው የ«ጋአር» ሥርዓት ወጣቱ ግንባሩ ላይ ስድስት መስመር ይቆረጥለታል፤ ከዚያ ወዲያ ላም አያልብም፣ ልጅ መሆኑ ቀርቷል። ልዩነቱ ጋአር ሰውን ከገዛ ወገኑ ጋር ማጥበቁ ነው። ዳግም ልደት ግን ባዕዱንም ወንድምህ ነው ይላል። የሚከብደው እዚህ ጋ ነው፤ ደም የፈሰሰበት ሰው የገዳዩ ዘመድ አብሮት ሲቆርብ ምን ይበል?

ይህ ለጋምቤላ የወረቀት ጥያቄ አይደለም። የአሜሪካ ፕሬስቢቴሪያን ሚሲዮን በ1940ዎቹ ፖክዎ ላይ ሥራ የጀመረው በአኝዋኮች መካከል ነበር፤ ዛሬ መካነ ኢየሱስ በሁለቱም ሕዝቦች ዘንድ አለች። ሆኖም በጥር 2008 ዓ.ም. በከተማው የኑዌርና የአኝዋክ ግጭት ሲነሳ ሰው የሸሸው ወደየወገኑ ሰፈር ነው። ዘማሪውም ጭምር።

አንድ የሰፈራችንን የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ መቼ ዳግም እንደተወለዱ ጠየቅኋቸው። የተጠመቁበትን ቀን ይነግሩኛል ብዬ እስክሪብቶ አውጥቼ ነበር። እሳቸው ግን የነገሩኝ ከግጭቱ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ አኝዋክ ወዳጃቸው ቤት ሄደው ምሳ ስለበሉበት ቀን ነው። ዓሣ ነበር፤ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ እንደበሉ አልደበቁኝም።