የጣና ዓሣ በጉና ሥር ይወለዳል

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚጓዝ ሰው ሐሙሲትን አልፎ የጉማራን፣ ወረታን አልፎ ደግሞ የርብን ድልድይ ይሻገራል። በበጋ ከመኪናው መስኮት የሚያየው ብዙም ዓይን የሚስብ አይደለም፤ ሰፊ የአሸዋ ንጣፍ፣ በመሃሉ የቀጠነ ውሃ፣ ዳር ዳሩን አሸዋ የሚጭኑ ገልባጭ መኪኖች፣ ውሃ ስቦ ወደ ሽንኩርት ማሳ የሚሰድድ ሞተር። ተጓዡ ፎቶውን ለጣናና ለጢስ ዓባይ ቆጥቦ ያልፋል። ዘፈኑም ታሪኩም ለዓባይ ተሰጥቶ አልቋል። ይህ ጸሐፊ ግን በኢትዮጵያ ካሉ ወንዞች ሁሉ የሚገባቸውን ስም ሳያገኙ የቀሩት እነዚህ ሁለቱ ናቸው ብሎ ያምናል።

ሁለቱም ከጉና ይነሣሉ፤ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ተራራ። የደጋውን እርሻ አቋርጠው ፎገራ ሜዳ ላይ ይዘረጋሉ፣ ከዚያም 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለውን ጣናን በምሥራቅ በኩል ይቀላቀላሉ። ከግልገል ዓባይና ከመገጭ ጋር ሆነው በወንዝ ወደ ሐይቁ ከሚገባው ውሃ ከ90 ከመቶ በላይ የሚሆነውን ያመጣሉ። አገሩ ከምድር ወገብ 12 ዲግሪ ያህል ወደ ሰሜን ርቆ ስለሚገኝ ወንዞቹ የሐሩር ቀበቶ ወንዞች ናቸው፤ የደጋው ብርድ ይህን አይለውጠውም። ዓመታቸውን የሚገዛው ሙቀትና ብርድ ሳይሆን ዝናብ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ይሞላሉ፣ ከዚያ በኋላ እየከሱ ይሄዳሉ። በውሃቸው ውስጥ የሚኖረው ፍጥረት ሁሉ ኑሮውን ያበጀው በዚህ ሙላትና ጉድለት ልክ ነው።

ከርብ ድልድይ አልፎ፣ አዲስ ዘመን ከተማ አጠገብ፣ ጣራ ገዳም አለ። ገዳሙ ያቆየው ደን በአካባቢው ከተረፉት የተፈጥሮ ደኖች አንዱ ነው፤ ወይራው፣ ሰሳው፣ ብሳናው ከነቁጥቋጦው ቆሟል። ስለ ጣራ ገዳም የሚጻፈው አብዛኛውን ጊዜ ስለ ገዳማዊው ሕይወትና ስለ ዛፎቹ ነው። ስለ ውሃው የሚያነሣ ጥቂት ነው። ከባድ ዝናብ ባባራ በሰዓቱ የደኑን ጠርዝ ይዞ የሄደ ሰው ግን ልዩነቱን በዓይኑ ያያል፤ ከደኑ ሥር የሚወጣው ውሃ የታችኛው ጠጠር እየታየ ይወርዳል፣ ከጎኑ ካለው የታረሰ ተዳፋት የሚወርደው ደግሞ ደፍርሶ፣ ቀይ ሆኖ፣ አፈር ተሸክሞ ነው። በደኑ ውስጥ ዝናቡ መጀመሪያ ቅጠል ላይ፣ ቀጥሎም በረገፈው ቅጠል ላይ ስለሚያርፍ መሬቱን አይመታውም፤ ወደ ውስጥ ሰርጎ ዘግየት ብሎ በምንጭ ይወጣል። ጠጠሩ የሚታይበት ውሃ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ከዚህ በታች ይታያል።

አንባቢ በ‹እመጓ› ደራሲነታቸው የሚያውቃቸው ዶ/ር ዓለማየሁ ዋሴ በሙያቸው የሥነ ምህዳር ተመራማሪ ናቸው፤ እንደ ጣራ ገዳም ያሉትን የደቡብ ጎንደር የቤተ ክርስቲያን ደኖች ለዓመታት አጥንተዋል። ከብት የሚገባበት ደን ችግኝ እንደማይተካ ያሳዩት እሳቸው ናቸው፤ በአንዳንድ አድባራት ዙሪያ የተሠራው የድንጋይ ካብም ከዚህ ሥራ ጋር የተያያዘ ነው። አሮጌ ዛፍ ብቻ የቀረበት ደን ለጊዜው ጥላ ይሰጣል፣ ልጅ ግን የለውም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። አንድ የተሳሳተ አስተሳሰብ በከተሜውም በገበሬውም ዘንድ ሥር ሰዷል፤ ዓሣ የሐይቅ ሀብት ነው፣ ወንዝ ውሃ ብቻ ነው የሚል። በክረምት በትንንሽ ጅረቶች ውስጥ ትልልቅ ዓሣ ሲታይ ደገኛው «ጎርፍ ያመጣው» ይለዋል፤ ያገኘው ያፍሰዋል። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ጎርፍ ወደ ታች ይወርዳል፤ ዓሣው ግን ጎርፉን እየታገለ ከሐይቁ ወደ ላይ የወጣ ነው። የወጣውም ሊወልድ ነው።

ዓሣው በባሕር ዳር ገበያ ነጭ ዓሣ የሚባለው ነው። ከቀረሶና ከአምባዛ ቀጥሎ ሦስተኛ ተደርጎ ስለሚቆጠር አንድ ዓይነት ይመስላል። በሳይንሱ ላቤዮባርበስ ይባላል፤ በጣና ውስጥ ደግሞ 15 ያህል ዝርያዎች አሉት። ጀርመናዊው አሳሽ ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጎንደርንና ጣናን ጎብኝቶ ጥቂቶቹን ለዓለም አስተዋውቋል። በ1990ዎቹ ደግሞ በኔዘርላንድ ዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ሊዮ ናገልከርከና ፈርዲናንድ ሲቢንግ የአፋቸውን፣ የጭንቅላታቸውን፣ የምግባቸውን ልዩነት አጥንተው ዝርያዎቹን ለያይተዋቸዋል። አንዱ ከሥር ጭቃ ይለቅማል፣ ሌላው በውሃ ላይ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን ፍጥረታትን ያጣራል፣ ስምንቱ ደግሞ ሌላ ዓሣ ይበላሉ። ይህ የመጨረሻው እጅግ አስገራሚ ነው፤ የዚህ ወገን ዓሣ መንጋጋው ላይ ጥርስ የለውም፣ ያለው ጉሮሮው ውስጥ ነው። ጥርስ ሳይኖራቸው አዳኝ የሆኑት በጣና ውስጥ ተፎካካሪ አዳኝ ብዙ ስለሌለ ነው። ከሐይቁ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወረድ ብሎ ያለው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ የታችኛው ዓባይ ዓሣ እንዳይወጣ ዘግቶ ኖሯል።

ዝርያ ሲባል ግን መልክ ብቻ አይደለም፤ የሚጋቡበት ቦታና ጊዜ ካልተለያየ ይደባለቃሉ። እዚህ ላይ ነው ጉማራና ርብ የሚገቡት። ከሰኔ መጨረሻ ጀምሮ ወንዞቹ ሲሞሉ ከዝርያዎቹ ብዙዎቹ በወንዝ አፍ ላይ ይሰበሰባሉ፤ ከሐምሌ በኋላም ሽቅብ ይወጣሉ። ደብረ ታቦር በስሟ የምትጠራበትን በዓል ነሐሴ 13 በችቦና በጅራፍ ስታከብር፣ ከከተማዋ በታች ባሉት የውሃ መንገዶች ጉዞው ደርቷል። ዝርያዎቹ በአንድ ጊዜ አይወጡም፤ ተራ አላቸው። አንዱ ቀድሞ ይገባል፣ ሌላው ኋላ፤ አንዱ ይህን ገባር ይይዛል፣ ሌላው ያንን። በጉማራ ላይ የተደረጉ ጥናቶች ያረጋገጡት ይህንን ነው።

ደግሞም ሩጫው ለትልቁ ወንዝ አይደለም። በዋናው ወንዝ የሚወርደው ውሃ በነሐሴ ድፍርስ ነው። ዓሣው የሚፈልገው ከጎን የሚገባውን ትንሹን፣ ፈጣኑን፣ ንጹሑን ገባር ነው፤ ብዙ ጊዜ ሰው ጫማውን አውልቆ የሚሻገረውን፣ በካርታ ላይ ስም እንኳ የሌለውን። ከነዚህ ገባሮች በአንዱ ጎንበስ ብሎ ያየ ሰው ውሃው ጉልበት በማይደርስበት ቦታ ላይ የዓሣ ጀርባ ከውሃው በላይ ሲታይ ይደነግጣል። ታች ያለው ጠጠር ነው፤ ከዶሮ እንቁላል የሚያንስ፣ በጭቃ ያልተያያዘ፣ እጅ ሲያነሣው ከመካከሉ ውሃ የሚያልፍ። እንስቷ እንቁላሏን የምትጥለው በዚህ መካከል ነው። እንቁላሉ በጠጠሮቹ መሃል ተደብቆ፣ የሚያልፈው ውሃ ኦክስጅን እያመጣለት ይፈለፈላል። ጠጠሩ መሃል ጭቃ ከገባ ውሃው አያልፍም፤ እንቁላሉም ታፍኖ ይሞታል። ሌላ ምንም ጥፋት ሳይደርስ፣ አንድ የታረሰ ተዳፋት ያወረደው አፈር ብቻ ለዚህ በቂ ነው። ጣራ ገዳም ሥር ጠጠሩ የሚታይበት ውሃ ዋጋው ይህ ነው። ጉና ላይ የቀረው ጓሳና ጅብራም እንዲሁ፤ አፈር የሚይዝ ሁሉ ዓሣ ያረባል።

ጥቅምት ሲገባ ውሃው ይጎድላል፤ ጫጩቶቹም ቀስ በቀስ ወደ ሐይቁ ይወርዳሉ። እዚያ ያደገው ዓሣ ከዓመታት በኋላ ለመውለድ እንደገና ወደ ወንዝ ይመለሳል።

ስለዚህ ዓሣው በጉዞው ላይ ሳለ የሚያዝ ነው፤ ችግሩም የሚጀምረው ከዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 ገደማ የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ ወደ ጣና ከገቡ በኋላ በወንዝ አፍ ላይ የተሰበሰበውን ዓሣ በአንድ ሌሊት ማፈስ ቀላል ሆነ። በ1991 እና በ2001 መካከል ከተደረጉት ቅኝቶች የታየው፣ ለመራባት ወንዝ የሚወጡት ዝርያዎች ምርት 75 ከመቶ ያህል መቀነሱ ነው። መውለጃው በር ላይ ማጥመድ ከሌላ ማጥመድ ጋር አንድ አይደለም፤ እያንዳንዷ የተያዘች እንስት እንቁላሏን በሆዷ ይዛ ነው።

ወደ ላይ ደግሞ ብርብራ አለ። ፍሬው ደርቆ በሙቀጫ ይወቀጣል፤ ዱቄቱ በገባሩ አናት ላይ ይበተናል። ውሃው ጥቂት አረፋ ያወጣል፤ ከዚያም ዓሣው እየተንቀጠቀጠ፣ አፉን ከውሃው በላይ እያወጣ ይንሳፈፋል። በፍሬው ውስጥ ያለው ሮተኖን የተባለው ንጥረ ነገር የዓሣው ሕዋሳት ኦክስጅንን እንዳይጠቀሙ ስለሚያግድ፣ ዓሣው ውሃ ውስጥ አየር እያለ ይታፈናል። ልጆች በሳፋ የሚሰበስቡት ትልልቁን ነው። ትንሹ፣ ጫጩቱና ዓሣው የሚበላው የውሃ ነፍሳት ሁሉ ጠጠሩ ላይ ተጋድሞ ይቀራል። ብርብራ በኢትዮጵያ ብቻ የሚበቅል፣ ለቡና ጥላ የሚሆን ግሩም ዛፍ ነው፤ ለዚህ ሥራ መዋሉ ያሳዝናል። የፌዴራል የዓሣ ሀብት አዋጅ ቁጥር 315/1995 በመርዝ ማጥመድን ይከለክላል። ይህን የማያውቅ ገበሬ ሊኖር ይችላል፤ የሚያውቅ የቀበሌ ሹም ዝም ሲል ግን ሰበብ የለውም።

ይህ ሁሉ የተጋነነ የሚመስለው አንባቢ የፊሊፒንስን ላናኦ ሐይቅ ያስብ። በዓለም ላይ እንዲህ በአንድ ሐይቅ ውስጥ የበዛ የዚህ ወገን ዓሣ ስብስብ ከጣና ሌላ በላናኦ ነበር። ከውጭ የገባ ዓሣና ልክ የሌለው ማጥመድ ጨረሱት፤ የዓለም የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2020 ከሐይቁ 17 ዝርያዎች 15ቱ መጥፋታቸውን አስታውቋል። አሁን የቀረው የጣናው ነው።

ፎገራን በጥቂቱ እንንካው፤ ብዙ የተጻፈለት ሜዳ ነው። በወተቷ የምትታወቀው የፎገራ ላም እዚህ፣ ረግረጉን ለምዳ፣ ኖራለች። በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች የመጣው ሩዝ ከጅግና ቀበሌ ስሙን ወስዶ ኤክስ ጅግና ተብሏል፤ ወረታም ዛሬ የብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል መቀመጫ ናት። ሩዙ የገበሬውን ቤት ቀይሯል፤ ይህን የሚክድ የለም። ነገር ግን ርብ ሲሞላ የሚተኛባቸው ሸሸርና ወለላ የተባሉት ረግረጎች በዚያው ልክ እየታረሱ ጠበዋል። አምባዛ የሚራባው እንዲህ ባለው የጎርፍ ውሃ ላይ ነው፤ የአውሮፓን ብርድ ሸሽተው የሚመጡት ባለ ረጅም እግር ግራጫ ወፎችም በበጋ የሚያርፉት እዚሁ ነው። ወንዙ መተኛ ሲያጣ ደግሞ መንደር ይገባል፤ በ2006 (እ.ኤ.አ.) ክረምት በፎገራ የደረሰው ጎርፍ ይታወሳል።

በርብ ላይ የተሠራው ግድብ ደግሞ 73 ሜትር ከፍታ አለው፤ 234 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል፤ ለመስኖ የታሰበ ትልቅ ሥራ ነው። ዓሣ ግን 73 ሜትር አይዘልም። ከግድቡ በላይ ያለው መውለጃ ለሐይቁ ዓሣ ተዘግቷል፤ ከግድቡ በታች ያሉት ገባሮች ዋጋቸው በዚያው ልክ ጨምሯል። ከነሱ ላይ አሸዋና ጠጠር እየተዛቀ ለግንባታ ሲጫን ማየት ያስቆጣል። አሸዋ ያስፈልጋል፤ ቤት ያለ አሸዋ አይሠራም። ሰፊው የታችኛው ወንዝ እያለ ግን መኪናውን ወደ ጠጠራሙ ገባር የሚያስገባ ሰው ጥድፊያ እንጂ ችግር የለበትም።

ጣና እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል ተብሎ ተመዝግቧል፤ ከ2011 ጀምሮ ደግሞ እምቦጭ ከተባለው አረም ጋር እየታገለ ነው። ለሁለቱም ጉዳይ ስብሰባው የሚደረገው ሐይቁ ዳር ነው። እምቦጩን የሚያደልበው አፈርና ማዳበሪያ የሚወርደው ግን ከነዚሁ ወንዞች ስለሆነ፣ ስብሰባው ቢያንስ አንዳንዴ ደብረ ታቦር ቢደረግ መልካም ነበር።

የፋርጣ፣ የሊቦ ከምከምና የፎገራ ወረዳዎች አስተዳዳሪዎችም ከሐምሌ እስከ መስከረም ባሉት ሦስት ወራት በጠጠራማ ገባሮች ውስጥ ብርብራ እንዳይበተን፣ በወንዝ አፍ ላይ መረብ እንዳይዘረጋ፣ ከገባሮቹም አሸዋና ጠጠር እንዳይነሣ ያድርጉ። ገንዘብ የሚጠይቅ ሥራ አይደለም፤ የዘንድሮው ክረምት ሳይገባ ሊጀመር ይችላል።