ከጉቶ እስከ ገበያ፦ የእንጨት የርክክብ ሰንሰለትና የቤሌ አካባቢ አነስተኛ አምራቾች

መግቢያ

በወላይታ ዞን፣ የኪንዶ ኮይሻ ወረዳ ከተማ በሆነችው ቤሌ ዙሪያ፣ እንደ ዞኑ አብዛኛው ክፍል ሁሉ፣ የአርሶ አደሩ ይዞታ ጠባብ ነው። ይዞታቸው ከግማሽ ሄክታር የማይበልጥ አባወራዎችና እማወራዎች ብዙ ናቸው። እንሰቱ ከቤቱ አጠገብ፣ ባሕር ዛፉ ደግሞ በማሳው ዳርና ለእህል በማይመቸው ቁራሽ መሬት ላይ ይቆማል። ባሕር ዛፍ ለቤተሰቡ የቆመ ቁጠባ ነው፤ ለልጆች ትምህርት፣ ለሕክምና ወይም ለለቅሶ ገንዘብ ሲያስፈልግ ይሸጣል። ነጋዴው ብዙ ጊዜ ዛፉን በቁሙ ገዝቶ ያስቆርጠዋል፤ ከሌሎች ማሳዎች ከሰበሰበው ጋር በአንድ መኪና ጭኖም ወደ ሶዶ ወይም ከዚያ አልፎ ይወስደዋል። እንጨቱ ከተጫነ በኋላ የትኛው ግንድ ከየትኛው ማሳ እንደመጣ መለየት አስቸጋሪ ይሆናል።

በኃላፊነት ስለተመረተ እንጨት የሚሰጥ ማረጋገጫ ብዙ ጊዜ ከደኑ አያያዝ ጋር ብቻ ተያይዞ ይታያል። ይህ ጽሑፍ ግን ዛፉ ከተቆረጠ በኋላ ያለውን ጉዞ፣ ማለትም የርክክብ ሰንሰለት የሚባለውን አሠራር ያብራራል። ለቤሌ መሰል አካባቢዎች ዋናው ፈተና ዛፉን በአግባቡ ማልማት ሳይሆን፣ በአግባቡ የለማው እንጨት ከማሳው ሲወጣ ማንነቱን ይዞ እንዲወጣ ማድረግ መሆኑንም ያሳያል።

ሁለት የተለያዩ ምስክር ወረቀቶች

በዓለም ገበያ በስፋት የሚታወቁት የእንጨት ማረጋገጫ ሥርዓቶች ሁለት ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1993 የተመሠረተው የደን አስተዳደር ምክር ቤት (ኤፍ ኤስ ሲ) እና እ.ኤ.አ. በ1999 የተቋቋመው ፒ ኢ ኤፍ ሲ። ሁለቱም ሁለት ዓይነት ምስክር ወረቀት ይሰጣሉ። የመጀመሪያው የደን አስተዳደር ምስክር ወረቀት ሲሆን፣ የሚመረምረው ደኑን ነው፦ አቆራረጡን፣ የሠራተኛውን ደኅንነት፣ የአካባቢውን ሕዝብ መብት፣ የብዝኀ ሕይወቱን ጥበቃ። ሁለተኛው የርክክብ ሰንሰለት ምስክር ወረቀት ነው። ይህኛው ስለ ደኑ አይጠይቅም፤ የተመሰከረለት እንጨት ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ካልተመሰከረለት ጋር ሳይምታታ መድረሱን ብቻ ይመረምራል።

በኤፍ ኤስ ሲ ደንብ መሠረት፣ የእንጨቱን ሕጋዊ ባለቤትነት ተረክቦ በማረጋገጫው ስም መልሶ የሚሸጥ ድርጅት ሁሉ የሰንሰለት ምስክር ወረቀት ሊኖረው ይገባል። ባለቤት ሳይሆን ጭነቱን ብቻ የሚያደርስ አጓጓዥ ግን አይገደድም። ምስክር ወረቀቱ ለ5 ዓመት ይጸናል፤ በየዓመቱም የክትትል ምርመራ ይደረጋል። ከቅብብሎሹ አንድ ባለቤት ምስክር ወረቀት ከሌለው፣ ከእርሱ በኋላ ያሉት ሁሉ ቢኖራቸውም ሰንሰለቱ እዚያው ላይ ይበጠሳል፤ እንጨቱም እንደ ማንኛውም እንጨት ይቆጠራል።

የሰንሰለቱ ውስጣዊ አሠራር

አሠራሩ በመሠረቱ የሒሳብ መዝገብ ነው። ድርጅቱ ግብዓቱን ሲረከብ ከማን እንደገዛና በምን ዓይነት የማረጋገጫ መግለጫ እንደተሸጠለት ይመዘግባል። በመጋዘንና በምርት ሂደት የተመሰከረለትን ለይቶ ያስቀምጣል። ሲሸጥም መግለጫውን በደረሰኙ ላይ ያሰፍራል። ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ መርማሪዎች ትኩረት የሚሰጡት ግን የግብዓትና የምርት ምጣኔን ነው።

አንድ መላምታዊ ምሳሌ ይወሰድ። የእንጨት መሰንጠቂያ 100 ሜትር ኩብ የተመሰከረለት ግንዲላ ቢረከብና ከግንዲላው ወደ ጣውላ የሚደርሰው 45 በመቶ ቢሆን፣ በማረጋገጫው ስም ሊሸጥ የሚችለው ከ45 ሜትር ኩብ አይበልጥም። መዝገቡ 60 ሜትር ኩብ መሸጡን ካሳየ፣ 15 ሜትር ኩቡ ከሌላ ቦታ ገብቷል ማለት ነው። ደኑን ሄዶ ያላየ ሰው እንኳ ማጭበርበሩን ከሁለት ቁጥሮች ሊደርስበት ይችላል። የሥርዓቱ ጥንካሬ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ድካሙም እንዲሁ፤ ልኬቱ ካልታመነ መዝገቡ ሊታመን አይችልምና።

የሁምቦ ልምድና ወሰኑ

ወላይታ ለዓለም አቀፍ ማረጋገጫ እንግዳ አይደለችም። በሁምቦ ወረዳ 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራማ መሬት፣ በመሬት ውስጥ በሕይወት ከቆዩ ጉቶዎችና ሥሮች ዳግም እንዲያቆጠቁጥ ተደርጓል። በወርልድ ቪዥን የተደገፈው ይህ ሥራ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2009 በኪዮቶ ስምምነት የንጹሕ ልማት አሠራር ተመዘገበ፤ በዚህ አሠራር ሥር በአፍሪካ የመጀመሪያው ሰፊ የደን ፕሮጀክት ለመሆንም በቃ። ደኑን የሚያስተዳድሩት የአካባቢው ነዋሪዎች ያቋቋሟቸው 7 የኅብረት ሥራ ማኅበራት ሲሆኑ፣ የዓለም ባንክ የባዮካርቦን ፈንድ 165,000 ቶን የካርቦን ዳይኦክሳይድ ቅነሳ ለመግዛት ውል ገብቷል።

ሆኖም የሁምቦ ማረጋገጫና የእንጨት ማረጋገጫ በአንድ መሠረታዊ ነገር ይለያያሉ። የካርቦን ማረጋገጫ የሚመሰክረው በቦታው ስለቆመ ነገር ነው። ዛፉ አይንቀሳቀስም፤ መርማሪው ወደ ቦታው ተመልሶ ሊለካው ይችላል። የእንጨት ዋጋ ግን የሚገኘው ዛፉ ከቦታው ሲነሣ ነው፤ ከዚያ በኋላ መርማሪው ማሳው ላይ የሚያገኘው ጉቶውን ብቻ ነው። ስለዚህ ከሁምቦ ወደ ቤሌ ሊሻገር የሚችለው ትምህርት የልኬት ስልቱ ሳይሆን አደረጃጀቱ ነው፤ ለየብቻቸው የምርመራ ወጪ ሊሸከሙ የማይችሉ ቤተሰቦች በማኅበር ሲደራጁ በአንድ ውል ሊታቀፉ እንደሚችሉ ሁምቦ አሳይቷል።

በቤሌ ሰንሰለቱ የሚበጠስባቸው ቦታዎች

የመጀመሪያው በቁም ግዢው ላይ ነው። ዛፉ በቁሙ ሲሸጥ ባለቤትነቱ ገና ከመቆረጡ በፊት ወደ ነጋዴው ይዛወራል። በሰንሰለቱ ሕግ መሠረት የመጀመሪያው መዝገብ መከፈት ያለበት በዚሁ ርክክብ ላይ ነው። ስምምነቱ በቃል ከተቋጨና ክፍያው በጥሬ ገንዘብ ከተፈጸመ ግን ሰንሰለቱ የመጀመሪያ ቀለበቱን ያጣል።

ሁለተኛው የመለኪያው ጉዳይ ነው። የባሕር ዛፍ ገበያ የሚነጋገረው በሜትር ኩብ ሳይሆን በማገር፣ በወራጅ፣ በአጣናና በቋሚ ነው። እነዚህ ስሞች ለገዢና ለሻጭ ግልጽ ቢሆኑም ለሒሳብ መዝገብ ግን በቂ አይደሉም። 6 ሜትር ርዝመትና በመካከሉ 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው እንጨት መጠኑ 0.047 ሜትር ኩብ ገደማ ነው፤ ውፍረቱ 12 ሴንቲ ሜትር ቢሆን 0.068 ይደርሳል። ሁለቱ በአንድ ስም ቢጠሩ፣ በ1,000 እንጨት ላይ ያለው ልዩነት ከ20 ሜትር ኩብ ይበልጣል። የሁለት ሴንቲ ሜትር ልዩነት መጠኑን በ44 በመቶ ያሳድገዋል ማለት ነው። ከሌላ ቦታ የመጣ እንጨት ሊደበቅበት የሚችለው ክፍተት ይህ ነው።

ሦስተኛው የአገር በቀል ዛፎች መቀላቀል ነው። የ1986 ዓ.ም. የደን አዋጅ ቁጥር 94 ኮሶን፣ ዋንዛን፣ ዝግባንና ጥድን ለይቶ ጥበቃ አድርጎላቸው ነበር። ባሕር ዛፍ ከዋንዛ ጋር አይምታታም ቢባልም፣ በአንድ ደረሰኝ ላይ "እንጨት" ተብሎ ከተጻፈ ወረቀቱ ሁለቱን አይለያቸውም። የዝርያው ስም በሰነዱ ላይ ካልሰፈረ፣ የአርሶ አደሩ ሕጋዊ ምርት ለሌላው ሕገ ወጥ ጭነት መሸፈኛ ሊሆን ይችላል፤ በጅምላ ጥርጣሬው የሚጎዳውም በሕጋዊ መንገድ ያለማው አርሶ አደር ነው።

በሥራ ላይ ያለው የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1065/2010 የግል፣ የማኅበረሰብ፣ የማኅበርና የመንግሥት ደን ባለይዞታነትን ያውቃል። ይህም ለሰንሰለቱ ሕጋዊ መነሻ ይሆናል። በኬላ የሚታይ የማጓጓዣ ፈቃድም ጠቃሚ ነው፤ ሆኖም ፈቃዱ ጭነቱ እንዲያልፍ የተፈቀደ መሆኑን የሚያሳይ እንጂ እያንዳንዱን ግንድ እስከ ማሳው ለመከተል የታሰበ ሰነድ አይደለም።

አማራጮችና ጥንቃቄዎች

ኤፍ ኤስ ሲ ለአነስተኛ ባለይዞታዎች የቡድን ምስክር ወረቀት ይፈቅዳል። አንድ አስተባባሪ አካል፣ ለምሳሌ የኅብረት ሥራ ማኅበር፣ ምስክር ወረቀቱን ይይዛል፤ መርማሪውም ሁሉንም ማሳ ሳይሆን ናሙና ይጎበኛል። በእርሻ መሬት ዳር የተተከለ ባሕር ዛፍ የተፈጥሮ ደን ተመንጥሮ ያልተተካ መሆኑን ማሳየት ከተቻለ፣ ከዋና ዋናዎቹ መሰናክሎች አንዱ ይቀላል። ማኅበሩ የአባላቱን እንጨት ራሱ ተረክቦ ለነጋዴው ቢሸጥም፣ የመጀመሪያው ርክክብ በጽሑፍ ይሆናል።

የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው ከደን ጭፍጨፋ ነጻ የሆኑ ምርቶች ደንብም ለዚህ መንገድ ይከፍታል። ደንቡ እንጨትንና ቡናን ጨምሮ ሰባት ምርቶችን የሚመለከት ሲሆን፣ ምርቱ የተገኘበት መሬት መገኛ እንዲታወቅ ይጠይቃል። ከ4 ሄክታር ለማይበልጥ መሬት አንድ የመገኛ ነጥብ ብቻ ይበቃል። የቤሌ ባሕር ዛፍ ገበያ አገር ውስጥ ቢሆንም፣ ቡናና ባሕር ዛፍ በአንድ ይዞታ ላይ ሲገኙ ለቡናው የተመዘገበው ነጥብ ለእንጨቱም ያገለግላል። ባሕር ዛፍ ከተቆረጠ በኋላ ከዚያው ጉቶ ስለሚያቆጠቁጥም ነጥቡ ለተከታታይ ምርቶች ይቆያል።

ጥንቃቄም ያስፈልጋል። የአገር ውስጥ ገዢ ለማረጋገጫው ተጨማሪ ዋጋ የማይከፍል ከሆነ፣ የምርመራው ወጪ በመጨረሻ የሚያርፈው በአምራቹ ላይ ነው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ መጠበቅ ይኖርበታል፤ መዝገቡ ይቅደም፣ ምስክር ወረቀቱ ገበያው ሲጠይቅ ይከተል።

ማጠቃለያ

የርክክብ ሰንሰለት ከአርሶ አደሩ የሚጠይቀው አዲስ የዛፍ አያያዝ አይደለም፤ ይልቁንም የሻጩ ስም፣ የማሳው መገኛ፣ የዝርያው ስም፣ ቁጥር፣ ውፍረትና ርዝመት፣ ቀንና የገዢው ፊርማ የሰፈረበት አንድ ገጽ ነው። በእያንዳንዱ የእንጨት ስም ሥር ያለውን መጠን በየአካባቢው ገበያ ለክቶ ወደ ሜትር ኩብ የሚመልስ ሠንጠረዥ ማዘጋጀት፣ በአቅራቢያው ያሉ የደን ሳይንስ ተመራማሪዎች በአነስተኛ ወጪ ሊሠሩት የሚችሉት ሥራ ነው። ይህ ሠንጠረዥ በሌለበት ምርመራ ቢደረግ የሚመረመረው ቁጥር ራሱ ግምት ይሆናል። ሠንጠረዡና መዝገቡ ካሉ ግን የቤሌ አርሶ አደር ምስክር ወረቀት ባይኖረው እንኳ፣ እንጨቱ የራሱ ማሳ ምርት መሆኑን ለጠየቀው ሁሉ በማስረጃ ማሳየት ይችላል።