ተማሪው በማን ይሳቅ?

የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ያዘጋጁትን ኮሜዲ አይቶ ከአዳራሽ የሚወጣ ሰው አስተያየቱ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፦ «ሆዳችን እስኪቆስል ሳቅን።» ምስጋናው ይገባቸዋል። ያለ መድረክ መብራት፣ ያለ ደህና መጋረጃ፣ ከቤት በመጣ ልብስ አንድ ሰዓት ሙሉ ሰው አስቀምጦ ማሳቅ ቀላል ሥራ አይደለም። ነገር ግን ሰው አዳልጦት ሲወድቅም ይሳቃል፤ የሳቁ ብዛት ብቻውን ለቴአትሩ ምስክር አይሆንም። እንደ ተመልካች ከሁሉ አስቀድሜ የምጠይቀው በማን እንደሳቅን ነው። በዚህ ሲመዘን የትምህርት ቤት ኮሜዲያችን ሥር የሰደደ ድክመት ይታይበታል፤ መሳቂያው ዘወትር ባላገሩ ነው።

ገጸ ባሕርዩን ሁላችንም እናውቀዋለን። የጥጥ ጢም፣ ዱላ፣ ትከሻ ላይ ጣል የተደረገ በርኖስ። ሞባይል ገልብጦ ይይዛል፣ የከተማ ቃል ያበላሻል፣ ልጁን ያለ ዕድሜዋ ልዳር ብሎ ይነሣል፤ በመጨረሻ መምህሩ ወይም የጤና ባለሙያው መጥቶ ሲመክረው «አሁን ገባኝ» ብሎ ይጸጸታል። ይህ አዲስ አበባ ሲታይ አንድ ነገር ነው፤ ዘመሮን በመሰለ የመንዝ ከተማ ሲታይ ግን ሌላ ነው። እዚህ ከገጠር ቀበሌ መጥቶ፣ ቤት ተከራይቶ የሚማረው ልጅ ቁጥሩ ቀላል አይደለም። ኪራዩ ከበግ ሽያጭ፣ ስንቁ ከገብስ ማሳ ይመጣል፤ በወላጆች ቀን አዳራሹ ውስጥ የሚቀመጠውም ያው በጉን የሸጠው ሰው ነው። ልጁ መድረክ ላይ ለብሶ የሚያላግጥበት በርኖስ የአባቱ በርኖስ ነው። ያ አባት ደግሞ ማን መቼ ሣር እንደሚያጭድ፣ መቼስ ከብት እንደሚያሰማራ ቄሮ በሚባለው የቀድሞ ሥርዓት እየወሰነ የጓሳን የሣር ምድር ለዘመናት ጠብቆ ያቆየ ማኅበረሰብ ልጅ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ሞባይል መያዝ ያቃተው ጅል ብቻ አድርጎ ማሳየት፣ ከነውርነቱ ይልቅ ውሸትነቱ ይብሳል።

የቴአትራችን ታሪክ የሚያሳየን ሌላ መንገድ ነው። የመጀመሪያው የአማርኛ ተውኔት «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮሜዲያ» ራሱ ኮሜዲ ነበር። ደራሲው ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም፣ በኋላ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት፣ የሰያ ደብር ተወላጅ የሰሜን ሸዋ ሰው ናቸው። ከላፎንቴን ተረቶች ተነሥተው አውሬዎችን ሲያናግሩ ያነጣጠሩት በሹማምንቱ ብልሹ አሠራር ላይ ነበር፤ ነገሩም ስለገባቸው በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ተውኔቱ ታገደ። ከዚያ በኋላ ቴአትር ያንሰራራው በትምህርት ቤቶች ነው፤ ዮፍታሔ ንጉሤንና መላኩ በጎሰውን የመሰሉ መምህራን ተማሪዎቻቸውን መድረክ ላይ አወጡ። ጸሐፌ ተውኔቱ መንግሥቱ ለማም በ«ጠልፎ በኪሴ» የጠለፋን ልማድ ሲነቅፉ የሚሳቅባቸው የተማሩት የከተማ ወጣቶች ናቸው። በ«ያላቻ ጋብቻ» ደግሞ ሳቁ የቤት ሠራተኛዋን ትቶ ዘር እየቆጠሩ ጋብቻውን በሚቃወሙት ላይ ያርፋል። ልማድን መንቀፍ ሌላ፣ በሰው አነጋገርና አለባበስ ማላገጥ ሌላ መሆኑን ከሁለቱ ተውኔቶች መማር ይቻላል።

«ልጆች ናቸው፤ ምን ይካበዳል?» የሚል ይኖራል። የአንድ ሰዓት ቃለ ተውኔት በቃሉ የያዘ ተማሪ ግን ትችት ለመስማት አቅም አያንሰውም። ደግሞም ያንን ባላገር የፈጠሩት እነሱ አይደሉም፤ ከእኛ ከአዋቂዎቹ የቴሌቪዥን ኮሜዲ የወረሱት ነው፣ ወቀሳውም ለእኛ ይተርፋል። ከዚህ የሚከብደው መከራከሪያ «ባላገሩ ራሱ እየሳቀ አይደል?» የሚለው ነው። አዎ፣ ይስቃል። ልጁን በሰው ፊት ማሳፈር የማይወድ ወላጅ ሌላ ምን ያድርግ? በዚያ ላይ የመንዝ ሰው በራሱ መቀለድ ያውቅበታል። አሜሪካዊው ምሁር ዶናልድ ሌቪን መንዝ ተቀምጦ ካጠና በኋላ በ1965 እ.ኤ.አ. ያሳተመውን መጽሐፍ «ሰምና ወርቅ» ብሎ የሰየመው በከንቱ አይደለም። ገበሬው ሁለት ፍቺ ያዘለ ቃል ወርውሮ በራሱ ሲቀልድ መቀለጃውም ቀላጁም እሱ ነው፤ ወርቁን ማን እንደሚያገኘው ዳር ቆሞ ያያል። በተማሪዎቹ ኮሜዲ ግን ቀላጅነቱን ተነጥቆ መቀለጃ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ሦስተኛው ጥያቄ የአዘጋጆቹ ነው፦ «ታዲያ በማን እንሳቅ? በርዕሰ መምህሩ ብንስቅ ክበቡ ይዘጋል።» ፍርሃቱ ተገቢ ነው፤ ተክለ ሐዋርያትም በአውሬ ሸፍነውት አልዳኑም። ለተማሪ ግን ማንም የማይከለክለው መሳቂያ አለ፤ ራሱ ተማሪው። ሲኮርጅ የጎረቤቱን መልስ ከነስሙ የሚገለብጠው፣ ያልገባውን እንግሊዝኛ ሸምድዶ የክርክር መድረክ ላይ የሚንጎራደደው፣ ሁለት ሴሚስተር ከተማ ተቀምጦ የመጣበትን ቀበሌ ስም ለመናገር የሚያፍረው ሁሉ እዚያው ክፍል ውስጥ ነው። በስብሰባ መቀለድ ያማረው ደግሞ የጓሳን ጭላዳዎች ይሰብስብ። ሰብሳቢው ጭላዳ «በአጭሩ» ብሎ ጀምሮ ፀሐይ እስክትጠልቅ ሲናገር፣ ማን እንደሆነ ለመገመት አዳራሹ አይቸገርም።

ባላገሩን ከመድረክ አውርዱት አላልኩም። በርኖሱን ደርቦ፣ ዱላውን ይዞ ይምጣ፤ ያለ ዕድሜ ጋብቻውም ይነቀፍበት። ግን መካሪው ንግግሩን ሲጨርስ ባላገሩ የሚመልስለት አንድ ሰምና ወርቅ ያለው ቃል ጻፉለት፤ መካሪው ሰሙን ይዞ ፈገግ ሲል አባቶች ከወንበራቸው ወርቁን ያግኙት። ያን ጊዜ አዳራሹ ውስጥ የሚሰማው የአባቶች ሳቅ የይሉኝታ አይሆንም።