የዓመት ፈቃዳቸውን በዶማና በአካፋ የሚያሳልፉ መንገድ ጠጋኞች

የዓመት ፈቃድ ለድካም ማውጫ፣ ለዘመድ መጠየቂያ ወይም ለቤት ጉዳይ መፈጸሚያ እንደሚውል የታወቀ ነው። በአሜሪካ ግን ከፈቃዳቸው ላይ አንድ ሳምንት ቀንሰው፣ ያለ አንዳች ክፍያ፣ በተራራ ላይ ድንኳን ተክለው ድንጋይ ሲፈነቅሉና ቦይ ሲጠርጉ የሚሰነብቱ ብዙ ሰዎች አሉ። የሚጠግኑትም የመኪና መንገድ ሳይሆን ሰው በእግሩ የሚጓዝበትን ቀጭን መንገድ ነው። ነገሩ ሩቅ ቢመስልም፣ የእርከንና የጎርፍ መቀልበሻ ሥራ የምታስተባብሩ የገበሬ መሪዎች በቅርብ የምታውቁት ችግር ያለበት በመሆኑ በዚህ ዓምድ ልናቀርበው ወደድን።

ከእነዚህ መንገዶች ስመ ጥሩው የአፓላቺያን መንገድ ነው። በጆርጂያ ከሚገኘው ስፕሪንገር ተራራ ተነሥቶ፣ 14 ክፍለ ግዛቶችን አቋርጦ፣ በሰሜን ሜይን ውስጥ እስካለው ካታዲን ተራራ ድረስ 3,500 ኪሎ ሜትር ያህል ይዘልቃል። ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1921 ያቀረቡት ቤንተን መካይ የተባሉ የደን ባለሙያ ሲሆኑ፣ መንገዱ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተገናኘው በ1937 ነው። ዛሬም ሠላሳ የሚሆኑ ማኅበራት እየተከፋፈሉ ይጠብቁታል።

የእግር መንገድን ከእግረኛው ይልቅ የሚጎዳው ውሃ ነው። ቁልቁል የተቀየሰ መንገድ ሰው በረገጠው ቁጥር መሐሉ ይጎደጉዳል፤ ዝናብ ሲመጣ የጎደጎደው ቦይ ይሆናል፤ ጎርፉም አፈሩን ጠርጎ ድንጋይና የዛፍ ሥር ብቻ ያስቀራል። መንገደኛው ጭቃውን ሸሽቶ በዳር በዳር ሲሄድ ሁለተኛና ሦስተኛ መንገድ ይወጣል፣ ሣሩም ይሞታል። ከብት በሚነዳበት ተዳፋት ላይ ቦረቦር እንዴት እንደሚጀምር ላየ ገበሬ ይህ አዲስ ነገር አይደለም።

መከላከያውም ቢሆን እንግዳ አይሆንበትም። በመንገዱ ላይ ግንድ ወይም ድንጋይ በሰያፍ ተቀብሮ ውሃውን ወደ ታችኛው ዳር እንዲያወጣ ይደረጋል፤ በማሳ ላይ ከሚወጣው ፈሰስ ጋር ዘዴው አንድ ነው። ከዚህም የሚሻለው ሲቀየስ መንገዱ የተራራውን ወገብ ይዞ እንዲሄድና ወደ ታች በጥቂቱ እንዲያዘነብል ማድረግ ነው፤ ውሃው ተጠራቅሞ ጉልበት ሳያገኝ አቋርጦት ያልፋል። ችግሩ ግን ሰያፉን ሠርቶ መሄድ አለመብቃቱ ነው። ደለል ይሞላዋል፣ ቅጠል ይደፍነዋል፤ ያን ጊዜ ጎርፉ በላዩ ዘሎ እንደገና መንገዱን ይይዛል። ስለዚህ ከዓመት ዓመት የማያልቀው ሥራ የተደፈነውን በዶማ መጥረግ ነው።

ይህን ሥራ ለአንድ ሳምንት ዘማች አልተዉትም። ከማኅበሩ አባላት አንዱ ወይም አንድ ቤተሰብ የተወሰነች ክፍል ይረከባል፤ በዓመት ውስጥ እየተመላለሰ ደለሉን ይጠርጋል፣ ቁጥቋጦውን በወርድ 1.20፣ በከፍታ 2.40 ሜትር ያህል ይመነጥራል፣ በዛፍ ላይ የተቀባውን ነጭ ምልክት ያድሳል። የድንጋይ ደረጃ ወይም አዲስ ቅያስ ሲያስፈልግና ሥራው ከአቅሙ በላይ ሲሆን ነው ቡድን የሚመጣለት።

በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ለእኛ የሚጠቅመው ይኸው አከፋፈል ነው። በአገራችን በበጋ ወራት በሕዝብ ጉልበት ብዙ እርከንና ክትር ይሠራል። በሪፖርት የሚጻፈው የተሠራው ርዝመት ከሆነና በክረምቱ የተናደውን የሚያነሣው ሰው ስም ካልተጻፈ፣ በሚቀጥለው በጋ ሕዝቡ የሚጠራው ያንኑ ሥራ እንዲደግም ነው። ሁለት ጊዜ የተጠራ ሰው በሦስተኛው ቢቀር አይፈረድበትም።

ከቡድኖቹ አንዱ እ.ኤ.አ. በ1983 ሥራ የጀመረውና በቨርጂኒያ ባለች መንደር ስም የተሰየመው የኮናሮክ ቡድን ነው። ምግቡን፣ መሣሪያውንና ማደሪያውን ጠሪው ያቀርባል፤ ደቦ የሚጠራ ሰው እንደሚያደርገው ማለት ነው። ለመምጣት ሙያ አይጠየቅም፤ ሥራውን የሚያውቅ መሪ እያሳየ ያሠራል። በ1976 የተቋቋመው የአሜሪካ የእግር ጉዞ ማኅበርም እንዲሁ በልዩ ልዩ ቦታ ቡድን ያሰማራል፤ የእርሱ ዘማቾች መመዝገቢያ ከኪሳቸው ይከፍላሉ። ገንዘብ ከፍሎ ዶማ መጨበጥ ለብዙዎቻችን የሚገርም ነው።

ዋና መሣሪያቸው ፑላስኪ ይባላል፤ በአንድ ጎኑ መጥረቢያ፣ በሌላው ጎኑ ጠባብ ዶማ ነው። በ1964 በወጣው ሕግ በተከለሉ ዱሮች ውስጥ የሞተር መጋዝ ስለማይፈቀድ የወደቀ ዛፍ የሚቆረጠው ሁለት ሰው በሚስበው መጋዝ ነው። ሠልጥኖ የምስክር ወረቀት ያልያዘ ሰው መጋዝ አይነካም።

ይህ ጥንቃቄ የተፈተነው እ.ኤ.አ. በመስከረም 2024 ሄሊን የተባለው ዐውሎ ነፋስ ሰሜን ካሮላይናን፣ ቴኔሲንና ደቡብ ቨርጂኒያን በመታ ጊዜ ነው። መንገዱ በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር በወደቁ ዛፎች ተዘጋ፤ በየአካባቢው ያሉት ማኅበራትም መጋዝ የሚያውቁ አባሎቻቸውን ይዘው ወጡ። ዛፎቹ ከነሥራቸው ሲነቀሉ መንገዱን ይዘውት ስለሄዱ፣ ግንዱ ተቆርጦ ከተነሣ በኋላ ጉድጓዱን መሙላትና የተራራውን ወገብ እንደገና መቁረጥ ለዶማ ያዦቹ ቀርቷል።