ከድምፁ በስተጀርባ
ክፍል ሁለት፦ ማንኩሳን ያናገረው ሰው

ባለፈው ሳምንት ያቆምነው አባባ ተስፋዬ ላይ ነበር። ባሌ ተወልደው ኮሪያ ድረስ የዘመቱት ተስፋዬ ሣህሉ፣ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የልጆችን ክፍለ ጊዜ ተረክበው፣ ከ40 ዓመት በላይ በዚያ መስኮት ተረት ነግረዋል። ታሪካችንን የቋጨነው ግን በአንድ ጥያቄ ነው፦ መስኮቱ ያልደረሰበት አገር ማንን ሰማ?

መልሱን ፍለጋ ዓባይን ተሻግረን ጎጃም እንግባ።

ዘመኑ 1970ዎቹ ነው። ደብረ ማርቆስ ከተማ ውስጥ ቴሌቪዥን ያለው ቤት በጣት ይቆጠራል። ከከተማው ወጣ ብሎ ወደ ጮቄ ግርጌ ላለው ገበሬ ደግሞ መብራቱም የለ። ያለው ሬዲዮ ነው፤ እሱም የባትሪ ድንጋዩ እየደከመ፣ ቀን ፀሐይ እየተሰጣ፣ ማታ ማታ ለዜናና ለሚወደድ ዝግጅት ብቻ የሚከፈት። «ከመጻሕፍት ዓለም» የሚባለው ዝግጅት ሲደርስ ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ልጆች ዝም ይባላሉ፣ ቡና የምታፈላው ሴት ሙቀጫዋን ታቆያለች። ከዚያ አንድ የወንድ ድምፅ ይመጣል። ስለ ማንኩሳ ይናገራል።

ማንኩሳ እዚያው ምዕራብ ጎጃም ውስጥ ያለ አገር ነው። ልጁ በዛብህ ቅኔ ፍለጋ የሚሄድበት ዲማ ጊዮርጊስም በምሥራቅ ጎጃም የታወቀ የትምህርት ደብር ነው። አድማጩ ስማቸውን ያውቀዋል፤ የገበያ ቀናቸውን፣ የቄሶቻቸውን ወግ፣ የባላባቶቻቸውን ኩራት ያውቀዋል። በሬዲዮ ሲነገር ሲሰማው ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ ትዳራቸውን ሲመሠርቱ፣ ልጃቸውን ለስእለት ሲሰጡ፣ ፊታውራሪ መሸሻ የዘር ሐረጋቸውን ሲቆጥሩ፣ ጉዱ ካሳ በዚያ ሁሉ ወግ ላይ ብቻውን ሲነሣ፣ ሁሉም በአንድ ሰው አፍ ይናገራሉ። ሁሉም ግን የየራሳቸው ድምፅ አላቸው።

ያ ሰው ወጋየሁ ንጋቱ ነው።

ወጋየሁ ለሬዲዮ የተፈጠረ ሰው አልነበረም፤ የመድረክ ልጅ ነው። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የተቋቋመው የኪነ ጥበባት ማዕከል ካፈራቸው ተዋንያን አንዱ ሲሆን፣ ከጓደኛው ከደበበ እሸቱ ጋር ሃንጋሪ ድረስ ሄዶ የቴአትር ጥበብን ተምሯል። የሁለቱ ጓደኞች መንገድ ከዚያ በኋላ የሄደበትን ልብ በሉ። ደበበ በፈረንጆቹ 1973 ዓለም ባየው «ሻፍት ኢን አፍሪካ» ፊልም ላይ ከአሜሪካዊው ሪቻርድ ራውንድትሪ ጋር ካሜራ ፊት ቆመ። ወጋየሁን ግን ለብዙው ኢትዮጵያዊ ያስተዋወቀው ካሜራም መብራትም የሌለበት፣ በሩ የተዘጋ፣ አንድ ማይክሮፎን ያለበት የሬዲዮ ክፍል ነው።

እዚያ ክፍል ውስጥ ተዋናይ የለመደውን ሁሉ ያጣል። ፊቱ አይታይም፤ እጁ፣ አረማመዱ፣ አለባበሱ፣ አብሮት የሚጫወተው ሰው አይኖርም። የተመልካቹን ሳቅና ትንፋሽ እየሰማ ራሱን ማስተካከልም አይችልም። የቀረው ጉሮሮው ነው። ወጋየሁ በዚያ ጉሮሮ ባላባቱን ከገባሩ፣ እናትን ከልጅ፣ አፍቃሪውን ከመነኩሴው ለይቶ አቆማቸው። ፊታውራሪ መሸሻ ሲናገሩ አድማጩ ካባቸውን ያያል። ጉዱ ካሳ ሲከራከር ጠይቆ መልሱን የማይጠብቅ ሰው ፊታችን ይቆማል። ሰብለ ወንጌል ዝም ስትል ዝምታዋ ይሰማል። ትረካን እንደ ትወና የያዘው እሱ ነውና፣ ከእሱ በኋላ መጽሐፍ ለማንበብ ማይክሮፎን ፊት የተቀመጠ ሁሉ የሚለካው በእሱ ነው።

መጽሐፉ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። ደራሲው ሐዲስ አለማየሁ ከደብረ ማርቆስ አጠገብ፣ እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት፣ በጥቅምት 1902 ዓ.ም. ተወለዱ። በቤተ ክህነት ትምህርት አደጉ፣ አስተማሪ ሆኑ፣ ጣሊያን ሲመጣ ዘመቱ፣ ከራስ እምሩ ጋር ተማርከው ጣሊያን አገር ታሰሩ። ከነፃነት በኋላ በዋሽንግተን፣ በተባበሩት መንግሥታትና በለንደን አገራቸውን ወክለዋል፤ የትምህርት ሚኒስትርም ሆነዋል። መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. ታተመ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ለታሪካችን ቁልፍ ነው። መጽሐፉ በወጣ በሁለት ዓመቱ፣ በ1960 ዓ.ም.፣ የጎጃም ገበሬ በአዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር ላይ ተነሣ። ሞጣ፣ ብቸና፣ ዳሞት ታመሱ። ጦር ተላከ፣ ደም ፈሰሰ፤ በመጨረሻም አገረ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ ከቦታው ተነሡ። በ1967 ዓ.ም. ደግሞ የገጠር መሬት አዋጅ ወጣና ገባርና ባላባት የሚባል ነገር በሕግ ቀረ።

እንግዲህ ወጋየሁ በሬዲዮ ሲተርክ ያዳመጠው ገበሬ ይህን ሁሉ በዓይኑ ያየ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ገበሬው አበጀ በለው ግብር አንሰጥም ብለው የተነሡትን ሰዎች አስተባብሮ ፊታውራሪ መሸሻን ሲማርክ፣ አድማጩ ልብ ወለድ እየሰማ መሆኑን ይረሳል። ከአድማጮቹ ውስጥ ትናንት ጠመንጃውን ከግድግዳ ያወረደ አለ። ፊታውራሪ የነበሩ ሰው ልጅም አለ። ሁለቱ ባንድ ሬዲዮ ዙሪያ ተቀምጠው ያዳምጣሉ፤ ክፍሉ እያለቀ ነው፤ ፊታውራሪው በገበሬዎች እጅ ወድቀዋል፤ ወጋየሁ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። እዚህ ላይ ይቆማል። የሚቀጥለው እስኪደርስ ድረስ በየቤቱ የሚቀጥለውን ክርክር የሬዲዮ ጣቢያው አያውቀውም፦ ይገድሏቸዋል ወይስ ይለቋቸዋል?

ያነበበ ሰው መልሱን ያውቃል። ብዙው አድማጭ ግን ማንበብ የማይችል ነበር። መጽሐፉ በጎጃም የተጻፈ ያህል የጎጃም ቢሆንም፣ ጎጃም ያለው ገበሬ የተረከበው ከወጋየሁ እጅ ነው። ዛሬ በደብረ ማርቆስ በኩል ስታልፉ ሽማግሌዎቹን ስለ ጉዱ ካሳ ጠይቁ። «አነበብኩት» ከሚላችሁ ይልቅ «ሰማሁት» የሚላችሁ ይበዛል።

ደራሲው ያኔ በሕይወት ነበሩ። ሰብለን፣ በዛብህን፣ ጉዱ ካሳን በልባቸው ሲሰሟቸው የኖሩ ሰው፣ አሁን በዕድሜ ልጃቸው በሚሆን ተዋናይ ድምፅ አገር ሁሉ ሲሰማቸው ለማየት በቁ። እንዲህ ያለ ዕድል የሚገጥመው ደራሲ ጥቂት ነው።

ዕድሉ ግን ሌላ ፊት ነበረው። ወጋየሁ ከደራሲው ቀድሞ ሄደ። በ1980ዎቹ መግቢያ፣ ገና መሥራት በሚችልበት ዕድሜ፣ አረፈ። ሐዲስ አለማየሁ የ94 ዓመት ሽማግሌ ሆነው ኅዳር 26 ቀን 1996 ዓ.ም. ሲያርፉ፣ ተራኪያቸው ከተቀበረ ከ10 ዓመት በላይ ሆኖት ነበር። ቴፑ ግን መዞሩን አላቆመም። ካሴቱ ከእጅ ወደ እጅ ተገለበጠ፣ ወደ ሲዲ ዞረ፣ ዛሬ በየስልኩ አለ። በ2017 ዓ.ም. ልብ ወለዱ በተከታታይ ድራማ ወደ ቴሌቪዥን ሲመጣ እንኳ፣ ፊታውራሪ መሸሻንና ጉዱ ካሳን የሚጫወቱት ተዋንያን ከባዱ ፈተናቸው ወጋየሁ ነበር። ተመልካቹ ገና ፊታቸውን ሳያይ ድምፃቸውን ያውቀዋልና።

ድምፁን ሁሉም አወቀው። ሰውየውንስ? ስለ ሥራው፣ ስለ ልምምዱ፣ አንድን ገጽ ስንቴ እንዳነበበ፣ ፊታውራሪውን ከየትኛው ሽማግሌ አንደበት እንደቀዳ የሚነግረን በቂ መዝገብ የለም። አንድ አገር ሙሉ ያዳመጠው ሰው ስለ ጥበቡ የተናገረው ከተረከው ጋር ሲነጻጸር እፍኝ አይሞላም። ይህ ጉድለት የእሱ አይደለም፤ የሰማነው የእኛ ነው።

ወጋየሁ ሲሄድ የትረካው ወንበር ባዶ አልቀረም። ከእሱ ቀጥሎ ከመጡት መካከል አንድ ሌላ ድምፅ ወፍሮ፣ ረግቶ፣ ከመድረክ ወደ ሬዲዮ፣ ከሬዲዮ ወደ ቴሌቪዥንና ወደ ፊልም ተዘረጋ። አፄ ቴዎድሮስን ሆኖ መድረክ ላይ የቆመው፣ መጽሐፍ ሲተርክ መኪና የሚያቆም፣ ፈቃዱ ተክለማርያም ነው።

በ2010 ዓ.ም. ክፉ ወሬ ተሰማ። የፈቃዱ ኩላሊት ታሟል። የሙያ ጓደኞቹ ተሰበሰቡ፣ ወገን ለሕክምናው እጁን ዘረጋ፣ በየመገናኛ ብዙኃኑ ስሙ ተጠራ። እሱ ግን ፊቱን ወደ ጸበል አዙሮ ነበር። አንድ ወገን «ጊዜ የለም፣ ሐኪም ቤት ይግባ» ይላል፤ በሽተኛው የሚለው ሌላ ነው። ክረምቱ ገባ። ሐምሌ መጣ። አባባ ተስፋዬ ካረፉ ልክ ዓመት ሊሞላ፣ ሐምሌ 24 ቀን፣ ጥቂት ቀናት ቀርተዋል…

በእነዚያ ቀናት የሆነውን፣ ፈቃዱ በድምፁ ትቶልን የሄደውንም፣ ሳምንት እንተርካለን።

እስከዚያው ለአንባቢዎቻችን አንድ ጥያቄ አለን። በደብረ ማርቆስ፣ በደጀን፣ በብቸና፣ በፍኖተ ሰላም፣ የትም ሁኑ፣ ቤታችሁ ውስጥ ከሬዲዮ የተቀዳ የድሮ ካሴት ካለ አትጣሉት፤ አስገልብጡት። ወጋየሁን፣ ፈቃዱን ወይም አብረዋቸው መድረክ የወጡትን የሚያውቅ ሽማግሌ ካለ ዛሬውኑ አጠገቡ ተቀምጣችሁ የሚያወጋችሁን ቅዱ። የሰሙት ሰዎችም እያረፉ ነው፤ እነሱ ሲያልፉ ካሴቱ ላይ ያለው ድምፅ የማን እንደነበረ የሚነግረን አይኖርም።

ይቀጥላል